የጎልፍ መኪናን ለሰፈር መጓጓዣ ስለ መምረጥ

የጎልፍ መኪና የሚባለው ከሁለት እስከ ስድስት ሰው የሚጭን፣ ጣሪያ እንጂ በር የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀስ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። ስሙ ከስፖርት ሜዳ የተገኘ ቢሆንም፣ ከሜዳው ወጥቶ በመኖሪያ ሰፈር ማገልገል ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በፒችትሪ ሲቲ፣ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለጎልፍ መኪና ብቻ የተሠራው መንገድ ከ160 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ሲሆን፣ ነዋሪው ገበያ ደርሶ የሚመለሰውም ሆነ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚሁ መኪና ነው። በፍሎሪዳ የሚገኘው ዘ ቪሌጅስ የተባለው የጡረተኞች ሰፈርም በዚሁ መጓጓዣ የታወቀ ነው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ አጠገብ ባለችው በካታሊና ደሴት ላይ፣ በአቫሎን ከተማ፣ የአውቶሞቢል ቁጥር በደንብ የተገደበ ስለ ሆነ፣ ዋናው መጓጓዣ የጎልፍ መኪና ሆኗል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ለነጋዴው እንግዳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ የአስመጪው ዓይን ወደ ልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ዞሯል። ሆቴሎች፣ መዝናኛ ስፍራዎች፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው ድርጅቶችና በአጥር የተከለሉ የመኖሪያ መንደሮች ለእንግዳና ለዕቃ ማመላለሻ የሚሆን ትንሽ መኪና ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣውም፣ የሚሸጠውም፣ ገዝቶ ለሱቁ አገልግሎት የሚያውለውም የአመራረጡን ዘዴ ማወቅ ይገባዋል።

በዚህ ንግድ አብዝቶ የሚያስከስረው፣ መኪናውን በቀለሙ፣ በወንበሩ ቆዳና በመብራቱ ብዛት መምረጥ ነው። የጎልፍ መኪና መመረጥ ያለበት በሦስት ነገር ነው፤ በሚሄድበት መንገድ፣ በተሸከመው ባትሪና ከግዢው በኋላ በሚገኘው መለዋወጫ። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው፤ ካልተሟሉ ግን ያማረው መኪና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከመጋዘን ጥግ ቆሞ ይቀራል።

ከገበያ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ሰፈር

የዚህ ተሽከርካሪ ታሪክ ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሎስ አንጀለስ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ወደ ምግብ መደብር የሚያመላልስ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ጋሪ እንደ ነበረና፣ አንድ የቴክሳስ ሰው ይህንኑ አይቶ ለጎልፍ ሜዳ እንደ ሞከረው ይነገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቤንዚን በራሽን በመታደሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ መኪናዎች ተፈላጊነት አገኙ። በዚያ ዘመን ከተገኘው ልምድ በመነሣት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ማርኬቲር የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የጎልፍ መኪና ማምረት ጀመረ። ቀጥሎም በ1954 ኢዚጎ በጆርጂያ፣ በኦገስታ ከተማ፣ በ1958 ደግሞ ክለብ ካር ተቋቋሙ። የጃፓኑ ያማሃም በኋላ ወደዚሁ ሥራ ገባ። እንግዲህ መኪናው በዛሬው ጊዜ ወደ ሰፈርና ወደ ገበያ መመለሱ፣ አዲስ ነገር ከመሆን ይልቅ ወደ መነሻው መመለሱ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

አስቀድሞ መንገዱን መለካት

ገዢው ወደ ሻጭ ከመሄዱ አስቀድሞ አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል፤ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚኬድ፣ ስንት ሜትር ዳገት እንደሚወጣ፣ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ ዕቃ እንደሚጫን፣ መኪናው የት አድሮ በምን ያህል ሰዓት እንደሚሞላ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ የሚያተርፈው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።

በሜዳማ መንገድ ላይ አራት ሰው የያዘ መኪና ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ0.06 እስከ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጨርሳል። ዳገት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የመኪናው ክብደት 450 ኪሎ፣ የሰዎቹ 280 ኪሎ፣ የዕቃው 70 ኪሎ፣ በጠቅላላው 800 ኪሎ ቢሆን፣ ይህን ሸክም 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 0.22 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሞተሩና በማርሹ የሚባክነው ሲጨመርበት 0.31 ያህል ይደርሳል። ይህም ማለት 100 ሜትር ከፍታ መውጣት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ሜዳ ከመሄድ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ስለዚህ አምራቹ «አንድ ጊዜ ተሞልቶ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ የጻፈው በሜዳ መንገድ፣ በቀላል ጭነትና በአዲስ ባትሪ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከእንጦጦ እስከ ቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ለምታዘቀዝቀው ለአዲስ አበባ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ሰፊ መንደር ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ለደንበኞቹ ዕቃ ለማድረስ በቀን 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድና በድምሩ 200 ሜትር ዳገት የሚወጣ ቢሆን፣ ለመንገዱ 1.2፣ ለዳገቱ 0.6፣ በጠቅላላው 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ለዝናብ፣ ለጭቃና ለድንገተኛ ጉዞ አንድ አራተኛ ያህል ሲጨመርበት 2.3 ገደማ ይሆናል። ባለሱቁ ከሻጭ ፊት ሲቆም ሊይዘው የሚገባው ቁጥር ይህ ነው። ለአንድ ቀን ሥራ የዋለውን 1.8 መልሶ ለመሙላት፣ በቻርጀሩና በባትሪው የሚባክነው ታክሎ፣ ከቤቱ መስመር የሚሳበው 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚፈጀው ያህል ስለ ሆነ፣ የማንቀሳቀሻው ወጪ አነስተኛ መሆኑን ያስረዳል። ውድ የሚሆነው ኃይሉ ሳይሆን፣ ኃይሉን የሚያከማቸው ባትሪ ነው።

የዋጋው ልብ ባትሪው ነው

ባትሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የቆየው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ በተለምዶ የውሃ ባትሪ የሚባለው ነው። በአንድ ባለ 48 ቮልት መኪና ውስጥ ብዙውን ጊዜ ባለ 8 ቮልት 6 ባትሪዎች ተያይዘው ይገኛሉ። እያንዳንዱ 29 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ስድስቱ በአንድነት ወደ 175 ኪሎ ይደርሳሉ። የእያንዳንዳቸው መጠን 165 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ በ48 ቮልት ሲባዛ 7.9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይሁን እንጂ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ፣ በሥራ ላይ የሚቆጠረው 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሊቲየም ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ የተለመደው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። 105 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የዚህ ዓይነት ባትሪ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይኖረዋል፤ ከዚህም 80 በመቶውን ያለ ሥጋት መጠቀም ስለሚቻል፣ ለሥራ የሚሆነው 4.3 ነው። ክብደቱ የእርሳሱን ሲሶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው ሊቲየም፣ በመንገድ ላይ ከትልቁ የእርሳስ ባትሪ የሚተካከል መሆኑን ገዢው ልብ ሊል ይገባዋል።

በዕድሜም ልዩነት አለ። የእርሳስ ባትሪ በደንብ ከተያዘ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲያገለግል፣ ሊቲየሙ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ስለሚያገለግል እጥፍና ከዚያም በላይ ይቆያል። በሌላ በኩል ሲገዛ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሲበላሽም በየሰፈሩ ጋራዥ የሚጠገን አይደለም። የእርሳስ ባትሪ ግን በርካሽ ይገዛል፤ ሲያረጅም እርሳሱ ዋጋ ስላለው አሮጌው ይሸጣል።

ምርጫው ታዲያ በአያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው። የውሃ ባትሪ በየወሩ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ የሚጨመርበትም የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም። ውሃው የሚሞላው ባትሪው በኤሌክትሪክ ከተሞላ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተሞላ አሲዱ ገንፍሎ ይፈስሳልና። ሆኖም የውስጡ ሰሌዳ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ከታየ፣ ከመሙላት በፊት ሰሌዳውን የሚሸፍን ያህል ብቻ ይጨመራል። በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን የተባለውን በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚተፋ፣ ቦታው ነፋስ የሚያገኝና እሳት የማይቀርበው መሆን አለበት። ባዶውን ብዙ ቀን ያደረ የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳው በጨው መሰል ነገር ተሸፍኖ አቅሙን ያጣል። ይህን ሁሉ በየጊዜው የሚከታተል ሰው ያለው ድርጅት በእርሳስ ባትሪ ሊጠቀም ይችላል። ተከታታይ ሰው የሌለው ባለሱቅ ግን በዋጋ ያተረፈ መስሎት በአያያዝ ይከስራል።

የመብራት መቋረጥም በምርጫው ውስጥ ሊገባ ይገባል። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ከሆነ ለመሙላት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈልጋል፤ በየሌሊቱ ሳይሞላ የቀረ ከሆነም ይጎዳል። ሊቲየም ግን ከዚያ ባነሰ ሰዓት ይሞላል፤ በግማሽ ቢቀርም አይጎዳም። እንደዚሁም ሙቀት የእርሳስ ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ባለሙያዎች በተለምዶ ይቆጥራሉ። ስለዚህ በድሬዳዋ ወይም በሠመራ ለሚሠራ መኪና የሚደረገው ሒሳብ ለአዲስ አበባ ከሚደረገው መለየት አለበት።

በዚህ ላይ ማናቸውም ባትሪ እያረጀ ሲሄድ የሚይዘው ኃይል እንደሚቀንስ መቁጠር ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው ባለሱቅ የሚፈልገው 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። አዲሱ የእርሳስ ባትሪ 4 ቢሰጠውም፣ ከዓመታት በኋላ አቅሙ በ40 በመቶ ሲቀንስ 2.4 ብቻ ይቀረዋል። ይህ ለጥቂት ይበቃዋል። 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ርካሽ መኪና ቢገዛ ኖሮ ግን፣ የመጀመሪያውን ዓመት በደስታ ሠርቶ ከዚያ በኋላ ከዳገት ላይ መቆም ይጀምር ነበር። ቮልቱ 36 ወይም 48 ወይም 72 መሆኑ ብቻውን የመንገዱን ርዝመት አይወስንም፤ የሚወስነው ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

ሞተር፣ ፍሬንና ጎማ

ሞተሩ ቀጥተኛ ወይም ተለዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚጠቀም ሊሆን ይችላል። የቀጥተኛው ዋጋው ቀላል፣ አሠራሩም የታወቀ ሲሆን፣ ካርቦኑ እያለቀ በየጊዜው ይለወጣል። የተለዋጩ ካርቦን የለውም፤ በዳገት የተሻለ ኃይል ይሰጣል፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር ይህ ሁለተኛው ተጨማሪ ዋጋ ቢከፈልበት የማያስቆጭ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ሲያጣ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስቦ ነዳጅ የሚያቃጥል ስላልሆነ በደጋ አገር እንዲህ ያለ ድካም አይደርስበትም።

ፍሬኑ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለጎልፍ ሜዳ የተሠሩት ብዙዎቹ መኪናዎች ፍሬናቸው በኋላ እግሮች ላይ ብቻ ነው። ለሣር ሜዳ ይህ ይበቃል፤ ስድስት ሰው ጭኖ በኮረኮንች ቁልቁለት ለሚወርድ ግን በአራቱም እግር ፍሬን ያለው ይመረጣል። ጎማውም እንደዚሁ ነው፤ የሣር ሜዳ ጎማ ለስላሳና ሰፊ ስለ ሆነ በአስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። መኪናውን ለማሳመር ከፍ ማድረግና ትልልቅ ጎማ መግጠም በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም፣ ከፍ ያለ መኪና በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ትልቅ ጎማም የፍሬኑን መያዝ ያዳክማል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሰው ደኅንነት ነው። በዚህ መኪና ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች አብዝተው የሚታወቁት መውደቅና መገልበጥ ናቸው፤ በር ስለሌለው በድንገት ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ውጭ ይወረወራል። በተለይም ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ልጅ፣ መኪናው ሲነሣ የሚይዘው ነገር ከሌለው ወደ መንገዱ ይወድቃል። ስለዚህ ልጆች የሚሳፈሩበት ከሆነ የወገብ ቀበቶ፣ የእጅ መያዣና የእግር ማረፊያ የሌለውን መኪና ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ቁጠባ አይባልም።

ሕጉ ምን ይላል

የጎልፍ መኪናና አውቶሞቢል በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የፌዴራል ደንብ «ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ተሽከርካሪ» የሚል አዲስ ክፍል አቋቁሟል፤ ይኸውም በሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከ40 የማያልፍ ነው። እንዲህ ያለው መኪና የፊትና የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የፊት መስታወት፣ የእጅ ፍሬን፣ የደኅንነት ቀበቶና የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ይገደዳል። ለሜዳ የተሠራው የተለመደው የጎልፍ መኪና ግን በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚፈቀድለት የአካባቢው ሕግ በወሰነው ስፍራ ብቻ ነው። ፍሎሪዳ ቀድሞ ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሞላ ልጆች እንዲነዱ ትፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን ከ18 ዓመት በታች የሆነ ነጂ ቢያንስ የመለማመጃ ፈቃድ እንዲይዝ ደንግጋለች።

ከዚህ ነጋዴው የሚማረው ግልጽ ነው። መኪናው በግቢና በመንደር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ታርጋ አውጥቶ ወደ ሕዝብ መንገድ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ። ገዢው ታርጋ የሚሰጠውን የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና መድን ሰጪውን ድርጅት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ሻጩም «በየትም ይሄዳል» ብሎ ከመሸጥ ይልቅ፣ የሚፈቀድበትን ስፍራ በሽያጭ ውሉ ላይ ቢያሰፍር ስሙንም ደንበኛውንም ይጠብቃል።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

በአሜሪካ የጎልፍ ክለቦች ብዙ መኪና በአንድነት ተከራይተው ለጥቂት ዓመታት ከተጠቀሙበት በኋላ ይመልሱታል፤ ያገለገለው መኪና አብዝቶ የሚገኘውም ከዚሁ ነው። አዲስ ቀለም ተቀብቶና አዲስ ወንበር ለብሶ ስለሚቀርብ ዓይን ያታልላል። ትክክለኛው ዕድሜ የሚታወቀው በመለያ ቁጥሩ ነው። ባትሪዎቹም የተሠሩበት ጊዜ ምልክት በላያቸው ላይ ይገኛል።

ባትሪውን መፈተን የማንም ጋራዥ ሥራ ነው። ባለ 48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 50.9 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት፤ 48.4 ገደማ ካሳየ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ከዚህ በኋላ ባትሪዎቹ አንድ በአንድ ይለካሉ፤ ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ፣ ያ አንዱ አምስቱን ይጎትታቸዋል። በአሲድ መለኪያ ሲታይ ደግሞ የተሞላ ሴል 1.27 ገደማ ያሳያል፤ ከጎረቤቱ በ0.05 የሚያንስ ሴል የታመመ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ጭነት ጭኖ ገዢው በሚኖርበት ዳገት ላይ መውጣት ነው።

ሻንሲውም በግልባጩ ይታይ። የባትሪ አሲድ የፈሰሰበት የብረት ሻንሲ በባትሪው ማስቀመጫ ሥር ይዝጋል። ክለብ ካር የአሉሚኒየም ሻንሲ በመጠቀም የታወቀ ሲሆን፣ ኢዚጎና ያማሃ በብረት ይሠራሉ። የባሕር አየር ባለበት ጠረፍ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ በደጋ አገር ግን ያን ያህል የሚያሳስብ አይሆንም።

ለአስመጪው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የጎልፍ መኪናና መሰሎቹ በቁጥር 8703.10 ሥር ይመደባሉ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ያወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ በሚገባውና ተበታትኖ በሚገባው መካከል የቀረጥ ልዩነት አድርጎ ነበር። ቀረጥና ታክስ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ አስመጪው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈቱ አስቀድሞ ያሰበው ዕቃ በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

ሊቲየም ባትሪ በመርከብ ጉዞ እንደ አደገኛ ጭነት ይቆጠራል። ስለዚህ አስመጪው ባትሪው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ 38.3 የሚባለውን ፈተና ማለፉን የሚያስረዳ ወረቀት ከአምራቹ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ካልተገኘ የመርከብ ድርጅቱ ጭነቱን አልቀበልም ሊል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ደግሞ ቻርጀሩ ነው። በአሜሪካ የቤት መስመር 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ቻርጀር በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢገባለት እንኳ፣ የድሮዎቹ ከባድ ቻርጀሮች ከ60 ሄርዝ ጋር ተስማምተው የተሠሩ ስለ ሆነ በ50 በትክክል አይሞሉም። ባለ 220 ቮልት ቻርጀር ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲመጣ በትእዛዙ ላይ ቢጻፍ ግን፣ ጭንቁ ሁሉ በአንድ መስመር ያልቃል።

የዓለምም ገበያ በመለዋወጥ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ አምራቾች ከቻይና የሚመጡት መኪናዎች ከተገቢው በታች በሆነ ዋጋ ይሸጣሉ፣ የመንግሥት ድጎማም አለባቸው ሲሉ አቤቱታ አቅርበው፣ በ2025 በዕቃው ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ተጥሎበታል። አንድ ትልቅ ገበያ ሲጠብበት አምራች ሌላ ገበያ መፈለጉ የንግድ ልማድ ነው። ለአስመጪው መልካም የዋጋ ድርድር ሊያስገኝለት ይችላል፤ ነገር ግን ትርፍ ዕቃውን ጥሎ የሚሄድ ሻጭም ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ይህ አምራች ከአምስት ዓመት በኋላ መቆጣጠሪያውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ የሞተሩን መለዋወጫ ይልካል ወይ የሚል ነው። ከአሥር መኪና ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ሣጥን መለዋወጫ ወጪው ጥቂት ሲሆን፣ ለአስመጪው ስም የሚያስገኘው ክብር ብዙ ነው። የተበላሸ ባትሪ በስንት ወር ውስጥ በማን ወጪ እንደሚለወጥም በውሉ መጻፍ አለበት፤ ከባሕር ማዶ ተመልሶ የሚሄድ ባትሪ ብዙም አይታይምና።

መደምደሚያ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገዛ መኪና በጥድፊያ ይከዳል። ገዢው መንገዱን ለክቶ የሚያስፈልገውን ኪሎዋት ሰዓት ቢያውቅ፣ ባትሪው ሲያረጅ የሚቀረውን አስቀድሞ ቢያሰላ፣ ሕጉን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ቢይዝ፣ ሻጭም መለዋወጫውንና ተስማሚውን ቻርጀር አብሮ ቢያቀርብ፣ ይህ ትንሽ መኪና ያለ ጩኸትና ያለ ጢስ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የአንድ መንደር ደንበኞች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ በደንብ የሚሠራው የመጀመሪያው መኪና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይሸጣል፤ ከዳገት ላይ የቆመው ግን የሻጩን ስም ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል።